ዘይቱ ላይ የታሰረው ክር

ሚስትየዋ እንደምትለው ነገሩ ምንም ክርክር የለውም። ዘይት ጠርሙሱ ላይ ክር መታሰሩን ሊያውቅ የሚችለው ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ሦስት ናቸው። እሷ ለማንም አልተነፈሰችም። ባሏ ካልሲውን እንኳ ሳይጠይቅ የማያገኝ ሰው ስለሆነ፣ ከጨው ዕቃው ኋላ የተቀመጠ ጠርሙስ ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር ክር ሊያይ አይችልም። የቀረችው የባሏ እህት ናት። እንግዲህ ለበዓሉ በሰፈሩ አዳራሽ በሚታየው ቴአትር ውስጥ ዘይት ጠርሙስ ላይ ክር የምታስር ቆንቋና ሴት ብቅ ካለች፣ ወሬውን ለአዘጋጁ ያደረሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

የባሏ እህት እንደምትለው ግን እሷ ከአዘጋጁ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጣ አታውቅም። የሚነበበውን ወረቀት ለተዋናይ ምርጫው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ተሰልፋ ነው የተቀበለችው። ክሩም፣ ዘይቱም፣ ሴትዮዋም ተጽፈው ነው ያገኘቻቸው። መጀመሪያ ስታነበው እሷም ደንግጣ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከትታዋለች። የደነገጠችበትን ምክንያት ስትጠየቅ ግን ዝም አለች፤ ሚስትየዋም ይህችን ዝምታ ከሌላው ማስረጃ ጋር ደመረቻት።

ይህ ሁሉ የተባለው ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ከቁርስ በፊት ሚስትየዋ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ በመታጠቢያ ቤቱ በር ስታልፍ፣ ልጅቷ፣ የባሏ እህት፣ ከውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብቻዋን ስታወራ ሰማቻት። "እትዬ፣ ጠርሙሱ ላይ ክር ያሰርሽው ለእኔ ነው?" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ትደግመዋለች፤ አንዴ እንደ መቆጣት፣ አንዴ እንደ መለማመጥ አድርጋ። ሚስትየዋ የባልዲው እጀታ መዳፏን እስኪቆርጣት ድረስ ቆመች። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ተፋጠጡ። ከዚያ ወረቀቱ ወጣ፣ ተነበበ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ቤቱ ሁለት ክፍልና ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ የተሸጎጠች ማድ ቤት ነው። ልጅቷ ሳሎን ሶፋው ላይ ታድራለች፤ ልብሷ ከሶፋው ሥር ሻንጣ ውስጥ ነው። ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ማታ ስትገባ ያልተሸጠ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ ሳይነግሯት ዕቃ ታጥባለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። ሚስትየዋ "ጭምቷ" የሚል ስም ያወጣችላት መጀመሪያ ለምስጋና ነበር። ዘይት የተወደደውና ልጅቷ የመጣችው ግን በአንድ ሰሞን ነው። የዘይቱ ዋጋ ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ ሱቅ ያለው ሰውዬ "ነገ ደግሞ ይሄም አይገኝም" እያለ ማስፈራራት ያዘ። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው ስለመጡ በሚስትየዋ ሐሳብ ውስጥ አንድ ሆነው ቀሩ። አንድ ጠዋት ለሥራ ከመውጣቷ በፊት ከመርፌ ሣጥኗ ክር ቆረጠችና ጠርሙሱን ዘይቱ በደረሰበት ልክ አሰረችው። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ከክሩ እየሸሸ ወደ ታች ሲወርድ አየች። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አገኘች፤ ቋጠሮው የእሷ አልነበረም። የእሷ ቋጠሮ ሁለቱ ጫፎቹ የሚንጨባረሩ፣ ትልቅና ልል ነው። ያገኘችው ግን ትንሽ፣ ጥብቅ ያለና ጫፎቹ እኩል የተቆረጡ ነበር። አንድ ሰው ፈትቶ መልሶ አስሮታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለቀን ይሆናል ብላ በሆዷ ያዘችው።

ባልየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሾፌሩን ማናገር ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ ይዞት ቤት የገባ ይመስል፣ ሁለቱ ሴቶች ሲነጋገሩ ዓይኑን ሻዩ ላይ ተክሎ ዳቦውን ያኝካል። ሚስትየዋ "አንተ ምን ትላለህ?" ስትለው "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለና ኮቱን ፈለገ። ኮቱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ነበር።

"እንግዲያው ስሚ" አለች ሚስትየዋ ወደ ልጅቷ ዞራ። "ከሥራ ስወጣ አዳራሹ ድረስ ሄጄ ሰውየውን ራሴ እጠይቀዋለሁ። ያወራሽው አንቺ ከሆንሽ ዛሬ እዚህ ቤት አታድሪም።"

ልጅቷ የዳቦ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠራርጋ ሳህኑ ላይ አራገፈች። "እኔ ካልሆንኩስ፣ እትዬ?"

ሚስትየዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ባልየው አሁንም ኮቱን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ እህቱን አየት አደረጋትና እሱም ወጣ።

የሚስትየዋ ሥራ ላውንደሪ ቤት ልብስ መቀበል ነው። ልብሱን ባንኮኒው ላይ ትዘረጋዋለች፤ ኪሱን ትፈትሻለች፤ አንገቱን፣ ብብቱን፣ እጅጌውን ብርሃን ላይ ታገላብጣለች፤ እያንዳንዱን እድፍ ባለቤቱ እያየ በጣቷ ታሳያለች። "ይሄ አብሮ የመጣ ነው፣ ኋላ የእኛ እንዳይባል።" የላውንደሪው ባለቤት ከመቀበያው በላይ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚል ጽሑፍ በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል። ደንበኞቹ እንደ ቀልድ ያነቡታል፤ እሱ ግን ቀልድ አያውቅም። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ የቆየ ሰው ሳይወድ በግዱ የሰው ልብስ ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እድፉ ላይ ይሆናል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በር ከፍቶ የገባ ሁሉ ክሩን ያወቀ መሰላት። የሚኒባሷን መጋረጃ ልታሳጥብ ይዛ የመጣች ሴት ፈገግ ብላ "እንደምን አደርሽ" ስትላት፣ ይህች ሴት ከዚህ በፊት ፈገግ ብላ ታውቃለች እንዴ ብላ አሰበች።

ከኋላ ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዋ ሸሚዝ እየገለበጠች "ፊትሽ ምነው? ካውያ ላሳርፍበት?" አለቻት። ሚስትየዋ የአንዲት ጎረቤቴ ነገር ነው ብላ ጀመረች። ጎረቤቷ ዘይት ላይ ክር እንደምታስር፣ እንግዳዋ ይህን አደባባይ እንዳወጣችባት፣ አሁን ቴአትር ሊሆን እንደሆነ ነገረቻት። ባልደረባዋ ካውያውን አቁማ በረጅሙ አዳመጠቻት።

"ጎረቤትሽ ሌባዋን ነው ወይስ ወሬኛዋን ነው የምትፈልገው?"

"ሁለቱም አንድ ናቸው።"

"ዘይት የሚሰርቅ ሰው 'ክር ታስርብኛለች' ብሎ ያወራል? በገዛ እጁ?" አለችና ካውያውን አነሣች። "ለማንኛውም ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ሄዳ በዓይኗ ትይ። ከመንገድ ላይ ወሬ የቤት ሙግት ይሻላል።" ከዚያ በእንፋሎቱ ውስጥ ስትስቅ ሚስትየዋ ጎረቤት እንደሌላት መታወቁን ተረዳች። የቀረውን ሰዓት ልብስ ቆጠረች። የባልደረባዋ ጥያቄ ግን እንደ ጠበቀ ጫማ ተረከዟን እየላጣት አብሯት ዋለ።

አዳራሹ ስብሰባም፣ ሰርግም፣ የሕፃናት ክትባትም የሚካሄድበት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቅባት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ግማሾቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። በር ላይ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ እግሯን አጥላልፋ መግቢያውን ዘግታለች።

"ለመታየት ነው ለማየት? ለማየት ከሆነ የበዓሉ ዕለት ነው።"

ሚስትየዋ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ አየች። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ የልጅቷን ሰማያዊ ሻሽ አወቀችው። "ለመታየት" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ገረመመቻትና ወረቀት ሰጠቻት። ከኋላ ተቀመጠች። ልጅቷ አልዞረችም። አልዞረችም ማለት መምጣቴን አውቃለች ማለት ነው ብላ ሚስትየዋ ይህንንም ያዘችባት።

አዘጋጁ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ሁሉም "መምህር" የሚለው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ከአንዲት ባዶ ጠረጴዛ በቀር ምንም የለም። እያንዳንዷ ሴት ወጥታ መጀመሪያ ከወረቀቱ ታነባለች፤ ከዚያ እሱ "ወረቀቱን አስቀምጪው" ይላል። "አሁን እንግዳዋ ወጥታለች። ጠረጴዛው ላይ ዘይት አለ። በራስሽ መንገድ ፈትሺው።" በዚያ አዳራሽ ለዓመታት የተዋናይ ምርጫ የሚካሄደው እንዲህ ነው፤ ዕቃ አይሰጥም፣ ያለ ዕቃ የሚታይ እጅ ብቻ ነው የሚፈለገው።

መጀመሪያ የወጣችው ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ረጅም ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከማይታየው ጠርሙስ ጋር አስተካከለች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከደረቷ ትንሽ ነገር አወጣች፣ ክዳኗን አዞረችና በትንሹ ጣቷ ነካ አደረገች።

"ክሩስ?" አለ መምህሩ።

"ክር ይፈታል መምህር። የጥፍር ቀለም ግን የትም አይሄድም።"

ሳቅ ሆነ። ቀጥላ የስልክ ካርድ የምትሸጠው ወጣች፤ እሷ ምንም ምልክት አላደረገችም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ወደ ግድግዳው እንዲዞር አድርጋ አስቀመጠችና ሁለት ጊዜ ዞራ እያየች ወረደች። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ከሻሻቸው ሥር አንድ ፀጉር ነቀሉ፣ በጣታቸው አርጥበው ክዳኑ ላይ አጋደሙት፣ ትንፋሻቸው እንዳይበትነው አፋቸውን ሸፍነው ወደኋላ ተራመዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ኧረ እማማ ነርሷ! እርስዎም?" አለች አንዷ። "ለካ የአንድ እናት ልጆች ኖረናል!" አለች ሌላዋ ዓይኗን እየጠራረገች።

ሚስትየዋ አልሳቀችም። መጀመሪያ ያሰበችው ልጅቷ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳዋለች ብላ ነው። ግን የጥፍር ቀለሙን፣ ሥዕሉን፣ ፀጉሩን ከእሷ ቤት ማንም ሊያወራው አይችልም፤ በእሷ ቤት የሉም። እነዚህ ሴቶች የሠሩት የሰሙትን አልነበረም። እጃቸው ያውቀዋል። ነርሷ ፀጉሩን የነቀሉበትን እርጋታ ሰው ከወሬ አይማረውም። ይህን እያየች ሳለ "ቀጣይ" ተባለ፤ ቀጣይዋ እሷ ነበረች።

ወጣች። ጠረጴዛውን ያዘች። ከኋላዋ የተሰቀለውን የመድረክ መጋረጃ አወቀችው፤ በየዓመቱ ወደ እነሱ ላውንደሪ የሚመጣ ነው፤ ከታች ጥግ ላይ የማይለቅ የዝገት እድፍ አለው። የሚያውቁት ነገር ማየት ትንሽ ድፍረት ይሰጣል።

"መምህር፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን የክር ነገር ማን ነገረዎት?"

የሰማያዊው ሻሽ አንገት ቀጥ አለ። መምህሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"ማን ይነግረኛል? እናቴ ናት። አክስቴ እኛ ጋ ስትኖር እናቴ ጠርሙሱ ላይ ታስርባት ነበር፤ ቀይ ክር። ሹራብ ስለምትሠራ ቤታችን ቀይ ክር ሞልቶት ነበር።"

"አሁን ነው የጻፉት?"

"ኧረ የቆየ ነው! አምና ልናሳየው ተባዝቶ ካለቀ በኋላ አይደል አዳራሹ ለጥገና የተዘጋው?" ወደ በሩ አየ፤ ወፍራሟ ሴትዮ "እኔው ነኝ ያባዛሁት፣ ቤቴ ሙሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ" አለች። አምና ልጅቷ ገና ከእናቷ ቤት አልወጣችም ነበር።

ሚስትየዋ ንግግሩን እንደ ሸሚዝ ዘርግታ አገላበጠችው፤ አንገቱን አየች፣ ብብቱን አየች። እድፍ አጣችበት። "አክስትዎስ?" አለች፣ መጠየቅ ያለባት ይህ እንዳልሆነ እያወቀች።

"ወጣች።"

"ዘይቱስ?"

"ዘይቱማ ዘይት አይደል? ማለቁን ቀጠለ።"

ሴቶቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቀም። "በይ እንይሽ። ለአንቺ ደግሞ እንግዳዋን ልጨምርልሽ። ዳቦ ቤቷ ነይ፣ አንቺ እንግዳዋ ነሽ። ወረቀት የለም። ክሩን አይተሽዋል፤ ንገሪያት።"

ልጅቷ ቀስ ብላ ደረጃውን ወጣች። ሚስትየዋ እጇን ወደ ባዶው ጠረጴዛ ላከች፤ ከጨው ዕቃው ኋላ ጠርሙሱን ጎተተች፤ ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን አነሣችው፤ በአውራ ጣቷ ክሩ ያለበትን ቦታ ዳሰሰች። ምንም አላስመሰለችም፤ ሁልጊዜ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ዞር ስትል ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች።

"እትዬ" አለች ልጅቷ። የመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ አልነበረም፤ የቁጣም የልምምጥም አይደለም። "ክሩን ያየሁት ባሰርሽው ሰሞን ነው። ዕቃ ሳጥብ። አንድ ቀን ተፈትቶ ከጠርሙሱ ሥር ወድቆ አገኘሁት። 'ፈታችው' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። መልሼ አሰርኩት።"

የሚስትየዋ እጅ የማይታየውን ጠርሙስ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ያቺ ትንሽ ጥብቅ ቋጠሮ፣ ጫፎቿ እኩል የተቆረጡት።

"ከዚያ ወዲህ ከምድጃው አጠገብ ደርሼ አላውቅም። ዳቦዬን ባዶውን ነው የምበላው። ዳቦ ስለምወድ ይመስልሽ ነበር።"

"ታዲያ ዘይቱን ማን ነው የሚነካው?" አለች ሚስትየዋ። ጥያቄው የቴአትሩ ይሁን የቤቷ ራሷም አላወቀችም።

"የሚነካውን አውቀዋለሁ። አንቺ ሥራ ስትገቢ፣ እሱ ከሰዓት ተረኛ ሲሆን፣ እኔ ወደ ዳቦ ቤት ሳልወጣ እንቁላል ሲጠበስ ይሸተኛል። ግን ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔ ወሬ አላመላልስም።"

"ባልየው ነዋ!" አለች አንዷ ከኋላ፤ "መቼም ባልየው ነው!" እያሉ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ጭብጨባው ከሳቁ ጋር ተቀላቀለ። ካልሲውን ማግኘት የማይችለው ሰው ከጨው ዕቃው ኋላ ያለውን ጠርሙስ ያገኛል። ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጦ ዳቦ ሲያኝክ፣ እህቱ በዘይቱ ሰበብ ስትከሰስ፣ ዓይኑን ሻዩ ላይ ተክሎ ነበር። ሚስትየዋ ንዴቷ ወደ እሱ እንዲሄድላት ፈለገች፤ የተወሰነውም ሄደ። የቀረው ግን የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ደረቷ ላይ ቆመ። ፊት ለፊቷ የቆመችው ልጅ ከመጣችበት ጊዜ ጋር ስትተያይ ከስታለች፤ የጉንጯ አጥንት ወጥቷል። በየቀኑ አንድ ጣሪያ ሥር እያዩ ይህን አለማየት ይቻላል ለካ።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። "በቃ!" አለ። "ሌላ ሰው አያስፈልገኝም። የቤቱ እመቤት አንቺ፣ እንግዳዋ አንቺ። ከየት ነው ያመጣችሁት ይሄንን?"

"አንድ ቤት ነው እኮ የሚኖሩት" አለች በረኛዋ ሴትዮ፤ እሷ የማታውቀው ነገር የለም። "የወንድሟ ሚስት ናት።"

ሳቁ ባንዴ ቀዘቀዘ። ነርሷ ሻሻቸውን አስተካከሉ። የሆቴሏ ሴት ጥፍሯን ማየት ጀመረች። መምህሩ አንዴ አንደኛዋን አንዴ ሌላዋን አየና፣ ዝምታውን ለመሸፈን ብሎ "እንግዲያ ልምምዱ ቀላል ነዋ፣ እራት ከበላችሁ በኋላ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መለማመድ ነው" አለ።

ሚስትየዋ ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገችው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልመጣም አላት። በምትኩ የመጣላትን ተናገረች፤ ስትናገረውም ይቅርታው ውስጡ ያለ መሰላት። "እንለማመዳለን መምህር። ሳሎኑን አመቻቻለሁ። እራቱን እኔ እሠራለሁ፣ አብረን እንበላለን፣ ከዚያ እንለማመዳለን።" ወደ ልጅቷ ዞረች። "አይደል፣ እህቴ?" እህቴ ብላት አታውቅም ነበር።

ልጅቷ አላኮረፈችም። ፊቷ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ለአንድ አፍታ ወደ ሚስትየዋ አንድ እርምጃ የምትራመድ መሰለች። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረችና፣ ማንም እስከ ዛሬ ከእሷ ሰምቶት በማያውቅ ከፍ ያለ ድምፅ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉትም እንዲሰሙ አድርጋ ተናገረች።

"እንግዳዋን ሆኜ እጫወታለሁ፣ መምህር። ልምምዱ ግን እዚህ አዳራሽ ይሁንልኝ። ዳቦ ቤት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ክፍሏን እንጋራ ካለችኝ ቆይቷል። ከዛሬ ጀምሮ የምኖረው እዚያ ነው።"